ዓሣ ጎርጓሪው ምን አወጣ?

ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ዓሣ መጀመሪያ የሚያውቀው ጣዕሙን አይደለም፤ ተረቱን ነው። ተረቶቹም ብዙ አይደሉም። አንደኛው «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል። ሁለተኛው «ዓሣ ግማቱ ካናቱ»። በመጀመሪያው ተረት ዓሣ የሚፈልገው ሰው አርፎ የማይቀመጥ ቀበጥ ነው፤ ያልጠፋበትን ሲፈልግ ያልጠበቀው ይመጣበታል። በሁለተኛው ደግሞ ዓሣው ራሱ ገና ከአናቱ ጀምሮ የሸተተ ነው። ስለ በሬ፣ ስለ በቅሎ፣ ስለ ጤፍ ስንትና ስንት ያማረ ነገር የተናገረ ሕዝብ ለዓሣ ሲሆን የተረፈው ይኸው ነው።

እኔም በዚሁ አደግሁ። ደብረ ማርቆስ ሳለን ጨሞጋ ወንዝ ወርደን መርፌ ቁልፍ አጣመን፣ ከጆንያ በተመዘዘ ክር አስረን፣ ትል ሰክተን ዓሣ ልናጠምድ እንሞክር ነበር። የምንይዘው ከእጅ ጣት አይበልጥም። አያቴ የውኃው ሽታ ልብሴ ላይ ሲቀር ታውቅብኛለች። «ዛሬም ከዚያ ከሰይጣን ደጅ ዋልክ?» ትለኝና ዓሣዋን ለድመት፣ ቁጣውን ለእኔ ታካፍለናለች። ቤታችን ውስጥ ከዓሣው የተጠቀመችው ድመቷ ብቻ ነበረች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥምቀት ሰሞን የሰማሁት የዘመድ ጨዋታ ነው። እንግሊዝ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ መጥቶ ቡና ላይ ተቀምጠናል። የወሬ ወሬ አንሥቶ፣ አንድ የሥራ ባልደረባው ዓሣ የማጥመድ ውድድር ይዞት እንደሄደ ያወራልናል።

«ሐይቅ ስላችሁ ጣናን እንዳታስቡ፤ ኩሬ በሉት። ዳር ዳሩን ቁጥር የተጻፈባቸው ችካሎች ተተክለዋል። ጠዋት ዕጣ ይወጣል። የደረሰህ ቁጥር ላይ ሄደህ ትቀመጣለህ። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም መንጠቆውን ይጥላል፤ ማታ ፊሽካ ሲነፋ ያቆማል።»

«በመካከሉስ?» አለ አጎቴ።

«በመካከሉማ ቁጭ ነው አባባ።»

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ። የሚጮህ ሰው ካለ ይቆጡታል። ዝናብ ሲመጣም ትልቅ ጃንጥላ አላቸው፣ ከዚያ ሥር ይቀመጣሉ። በቆሎ በሉት፣ ዳቦ በሉት፣ ትል በሉት ለዓሣው እየወረወሩ ይጠራሉ። ካርፕ ነው የሚባለው ዓሣው፤ ወፍራም ነው፣ እንደ ጠቦት ያለ አለው። የያዙትን ውኃው ውስጥ በተዘረጋ መረብ ያቆዩታል። ማታ ዳኛው ሚዛኑን ይዞ ይዞርና የእያንዳንዱን መዝኖ ይጽፋል። ድምሩ የበለጠ አሸነፈ።»

«ከዚያ ይካፈሉታል?»

«ኧረ መልሰው ይለቁታል!»

አጎቴ ሲኒውን ቁጭ አደረገ። «አንተ ልጅ፣ ሲነጋ ጀምሮ በብርድና በዝናብ ተቀምጦ፣ ይዞ፣ መዝኖ፣ መልሶ ይለቀዋል?»

«አዎ አባባ። ለዚያውም ከመንጠቆው ሲያላቅቁት የቆሰለውን መድኃኒት የሚቀቡ አሉ።»

«ታዲያ ምኑን አሸነፈ?»

ሁላችንም ሳቅን። ነገሩ ግን ከሳቁ በኋላ እኔን አልለቀቀኝም። እውነት ነው፣ ሰውዬው ምኑን አሸነፈ? አጎቴ ያነሣት ጥያቄ ከዚያ ኩሬ ተነሥታ እኛው ደጃፍ፣ ጣና ድረስ የምታመጣ ሆና ስላገኘኋት ነው ዛሬ የማነሣት።

መጀመሪያ ስለ ካርፕ። ይህ ዓሣ በአውሮፓ ለስፖርት የተፈጠረ አይደለም። ያስፋፋው ጾም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሥጋ የማይበላባቸው የጾም ቀናት ከዓመቱ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ዓሣ ግን ይፈቀድ ነበር። ባሕር ለራቃቸው ገዳማት ደግሞ ዓሣ ከየት ይመጣል? ካርፕ የዳኑብ ወንዝ አካባቢ ዓሣ ነው። ጭቃ ውኃ አይጠላም፤ የሰጡትን ይበላል፤ በእርጥብ ሳር ከጠቀለሉት ከውኃ ወጥቶም ብዙ ሰዓት ይቆያል። ይህ ሁሉ ለመነኮሳቱ የተላከ ሆነላቸው። ኩሬ ቆፍረው አረቡት። ከገዳማቱ መሳፍንቱ ወረሱት። በዛሬዋ ቼክ ሪፑብሊክ ደቡብ ያለው ሮዘምበርክ የተባለው የዓሣ ኩሬ እ.ኤ.አ. በ1590 ተሠርቶ ያለቀ ነው፤ ወደ አምስት መቶ ሄክታር ይሰፋል፤ እስከ ዛሬም ካርፕ ይወጣበታል። ቼኮች ለገና ዋዜማ የሚበሉት ካርፕ ነው። ከበዓሉ ጥቂት ቀን አስቀድመው ከነነፍሱ ገዝተው በመታጠቢያ ገንዳቸው ውስጥ የሚያቆዩት ቤተሰቦች ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። ልጆቹ ይለምዱትና፣ የሚታረድበት ቀን ሲደርስ ልቅሶ ይሆናል ይባላል። እኛ ቤት የፋሲካ በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ሲሰነብት የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም።

እንግሊዞች ዘንድ ነገሩ መልኩን ቀየረ። አይዛክ ዋልተን የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1653 ስለ ዓሣ ማጥመድ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይታተማል፤ ለካርፕም አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ያን ጊዜ ዓሣው ተይዞ የሚበላ ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ግን ካርፕን መያዝ ራሱን የቻለ ሙያ፣ እንዲያውም ሱስ ሆነ። ሪቻርድ ዎከር የሚባለው አጥማጅ እ.ኤ.አ. መስከረም 1952 ሬድማየር ከሚባል ትንሽ ኩሬ 44 ፓውንድ፣ ማለትም 20 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ካርፕ አወጣ። ያገሪቱ ክብረ ወሰን ነበር። ታዲያ ምን አደረጋት? አልበላትም። ወደ ለንደን መካነ እንስሳት ደውሎ «መጥታችሁ ውሰዱ» አላቸው። ክላሪሳ የሚል ስም ወጣላት። እስከ 1971 ድረስ እዚያው መስታወት ውስጥ ኖረች፤ ሰው እየከፈለ ሲጎበኛት። ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹ ካርፖች ስም ያላቸው፣ ክብደታቸው በየዓመቱ የሚመዘገብ፣ በቅርፊታቸው አቀማመጥ የሚታወቁ ታዋቂ ሰዎች፣ ይቅርታ፣ ታዋቂ ዓሦች ሆኑ። «ቱ ቶን» የሚባለው የኬንት ካርፕ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሞት ጋዜጦቹ የሐዘን ዜና ጽፈውለታል።

ቅንጦት ነው፤ አያጠያይቅም። የጠገበ አገር ጨዋታ ነው። ነገር ግን የጠገበ ሰው ጨዋታ ውስጥም አንዳንዴ ቁም ነገር ይገኛል። የአጎቴ ልጅ ያያቸው ሰዎች በዚያች ኩሬ ውስጥ ስንት ዓሣ እንዳለ፣ የትኛው ምን ያህል እንደሚመዝን፣ የትኛው ካለፈው ዓመት እንደከሳ ያውቃሉ። መዝነው የሚለቁት የሚቀጥለው ዓመት እንዲኖር ነው። ሚዛኑን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ካርፕ እኛም አገር ገብቷል። ከጣሊያን መጥቶ መጀመሪያ የተለቀቀው አዲስ አበባ አጠገብ አባ ሳሙኤል ግድብ ውስጥ ነው። ግድቡ በአቃቂ ወንዝ ላይ ነው፤ አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ በአዋሽ ላይ ደግሞ ቆቃ ተገደበ። ዛሬ ካርፕ በቆቃም በዝዋይም ከሚያዙት ዓሦች አንዱ ነው። ለስፖርት ብሎ ዓሣ ማምጣትም ያልተሞከረ ነገር አይደለም፤ የባሌ ደጋ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት ከኬንያ የመጣ የመንጠቆ ዓሣ ነው።

ወደ ጎጃም ስንመለስ ግን ነገሩ ይለያል። እኛ ካርፕ ከጣሊያን ማስመጣት አላስፈለገንም። የካርፕ የሥጋ ዘመድ፣ የአንድ አያት ልጅ፣ ጣና ውስጥ ሞልቷል። ባሕር ዳር «ነጭ ዓሣ» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ከጣና ለገበያ የሚወጡት ዓሦች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን በሌላውም የአፍሪካ ውኃ ታገኟቸዋላችሁ። ሦስተኛው ግን ጉድ ነው።

ጉድነቱን ለማወቅ ፈረንጆቹም መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጎንደር መጥቶ የጣናን ዓሦች ናሙና ወሰደ፤ የተለያዩ ናቸው ብሎም ስም አወጣላቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ ለጣና ጥናት ተብሎ የመጣ ቡድን ነበር፤ ከዚያ የተገኘውን ዓሣ ጆርጆ ቢኒ የተባለው ሊቅ በ1940 ባሳተመው ሥራ በብዙ ዝርያና ንዑስ ዝርያ ከፋፈለው። ከዚያ ባኒስተር የሚባል እንግሊዛዊ መጣና በ1973 «ይህ ሁሉ ልዩነት የመልክ ነው፤ ዓሣው አንድ ነው» ብሎ ሁሉንም በአንድ ስም ጠቀለለው። እንግዲህ ነጭ ዓሣ ነጭ ዓሣ ነው ማለቱ ነበር።

ነገሩን የፈቱት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከኔዘርላንድ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናግልኬርክና ናንድ ሲቢንግ ናቸው። ሲቢንግን ልብ በሉት፤ እ.ኤ.አ. በ1984 የዶክትሬት ማዕረጉን ያገኘው ካርፕ ምግቡን እንዴት እንደሚያኝክ አጥንቶ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ! የካርፕ ዘር መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ጨጓራም የለውም። እንዲህ ያለ ዓሣ ሌላ ዓሣ አድኖ ይበላል ተብሎ አይጠበቅም፤ ጭቃ አገላብጦ የተገኘውን መልቀም ነው ዕጣው። የጣናዎቹ ግን ይህን ደንብ አፈረሱት። ሰዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ ሲመዝኑ፣ ሲለኩ፣ ሆድ ዕቃ ሲመረምሩ ቆይተው የደረሱበት፣ ነጭ ዓሣ የሚባለው አሥራ አምስት ዝርያ እንደሆነ ነው። ከእነዚህ ስምንቱ ዓሣ አሳዳጅ ናቸው። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም፣ አንዱ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ፣ አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ ቀጭን ሆኖ እንደ ጦር የሚወረወር። አሥራ አንዱን ትቼ አራቱን ብቻ ጠቀስኩ። ስለ ትንንሾቹ የጣና ዓሦች ደግሞ የኛው ሰው እሸቴ ደጀን በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ዶክትሬቱን ሠርቶባቸዋል።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ጢስ እሳት ወደ አርባ ሜትር የሚወርድ ግድግዳ ነው። ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ አይወጣም። ጣና ሰፊ ነው፣ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፤ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር አይበልጥም። ከደለሉ እንደተነበበው ከ16 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ ሐይቁ ደርቆ ነበር። እንግዲህ ውኃው ተመልሶ ሲሞላ የወንዙ ዓሣ ገባበት፤ ሌላ አዳኝ ዓሣ ያልያዘው ሰፊ ቦታ አገኘ፤ ተከፋፍሎም ተካፈለው። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ የትልልቅ ካርፕ ዘመዶች ስብስብ የሚታወቀው በሁለት ሐይቅ ብቻ ነበር። አንደኛው ፊሊፒንስ ያለው የላናው ሐይቅ ነው። እዚያ ከውጭ የመጡ ዓሦች ተለቀቁ፣ ያለ ልክ ተጠመደ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከላናው 17 ዝርያዎች 15ቱ ጨርሰው መጥፋታቸውን አስታወቀ። የቀረው ጣና ነው።

ይህን ሳያውቅ ጣና ላይ ሲያጠምድ የኖረው ማን ነው? ነገደ ወይጦ ነው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ሲመጣ አግኝቷቸዋል። ደንገል አጭደው፣ አስረው ታንኳ ይሠራሉ፤ ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ወፍጮና ቅርጫት ይሠራሉ። የጥንት ቋንቋቸው ጠፍቶ አማርኛ ብቻ ቀርቷል። ጉማሬ በላችሁ ተብለው ክርስቲያኑም እስላሙም ከማዕዱ ያገለላቸው ሰዎች ናቸው። ዓሣ ማጥመድ በኛ ዘንድ የተናቀ ሥራ የሆነው ዓሣው ስለሸተተ ብቻ አይመስለኝም። የሚያጠምዱትን ሰዎች ስለናቅን ነው። ከሠርግ ቤት ውጭ ያስቀመጥነው ሰው የያዘውን ዓሣ ግን በጾም ቀን ገዝተን በልተናል።

የደንገል ታንኳ ፍጥነቷን የሚያውቅ ያውቀዋል። ውኃ ትጠጣለች፤ ከሥራ በኋላ ፀሐይ ላይ አቁመው ካላደረቋት ትከብዳለች፤ ከጥቂት ወራት በላይም አታገለግልም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን፣ የጣናን ዳርቻ ዞሮ ካርታ ሲያነሣ፣ በሐይቁ ላይ የነበረው ዋናው መጓጓዣ ይህችው ነበረች። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ከዳር ብዙ አይርቅም። ንፋስ አለ፣ ማዕበል አለ። ስለዚህ ሰፊው የሐይቁ መሐል የዓሣው ነበር። ይህን ደንብ ማንም አላወጀውም፤ ደንገሉ ራሱ ያወጣው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1986፣ በኛ በ1978/79 ዓ.ም ገደማ፣ ደንገሉ ተሸነፈ። የግብርና ሚኒስቴር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ሁለት የኔዘርላንድ የረድኤት ድርጅቶች ሆነው የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አመጡ። አንደኛው ድርጅት ኡርክ ከምትባል የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነበር። ዓላማው ክፉ አልነበረም። ያ ትልቁ ረሃብ ገና አላለፈም፤ አገር ምግብ ይፈልጋል፤ አጥማጁ ገቢ ይፈልጋል። በእርግጥም ሠራ። በ1987 (እ.ኤ.አ.) 39 ቶን የነበረው በሞተር ጀልባ የሚያዘው ዓሣ በ1997 360 ቶን ደረሰ። አሥር ዓመት ሳይሞላ ብዙ ቤት እንጀራ በላ፤ ባሕር ዳርም የዓሣ ከተማ ሆነች።

ውድድሩ እንግዲህ ያን ጊዜ ተጀመረ። ፊሽካ የሌለው፣ ችካል የሌለው፣ ዕጣ የማይወጣበት ውድድር።

ችግሩ ነጭ ዓሣው የሚራባበት መንገድ ላይ ነው። ቆሮሶ እዚያው ሐይቁ ውስጥ ዳር ዳሩን ይራባል፤ ጫጩቶቹንም አፉ ውስጥ ይጠብቃል። ከነጭ ዓሣው ዝርያዎች ግን ቢያንስ ሰባቱ እንደ መንፈሳዊ ተጓዥ ናቸው። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ። ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ። ከዚያ በሌሊት ሽቅብ ይወጣሉ። የሚፈልጉት ንጹሕ ውኃና ጠጠር ነው፤ እንቁላላቸውን እዚያ ጥለው ይመለሳሉ። ታዲያ የት ነው መረቡ የሚዘረጋው? ወንዙ አፍ ላይ! በክረምት ሐይቁ መሐል ሲንገላቱ ከመዋል፣ የዓመቱ ዘር ሁሉ አንድ በር ላይ ተሰልፎ እየጠበቀ መረብ መዘርጋት ይቀላል። ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳሳተሙት፣ በ1990ዎቹ አሥር ዓመት ውስጥ ወደ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ ብዛቱ በሦስት አራተኛ ቀንሷል። የወጣቶቹ ዓሦች ደግሞ ከዚያም ብሶ ዘጠና በመቶ።

ይህን ሁሉ ስናገር ጣቴን ወደ አጥማጁ ብቻ እየቀሰርኩ እንዳይመስልብኝ። ሁለተኛው ቡና ሲቀዳ አጎቴ ያወራን ነገር አለ። እሱ እንኳ በመንጠቆ ሲስቅ የነበረው ሰውዬ፣ ጎረምሳ ሳለ መስከረም ላይ ከጓደኞቹ ጋር ብርብራ ለቅመው፣ ወቅጠው ወንዝ ይበትኑ እንደነበር አጫወተን። የብርብራ ፍሬ መርዝ ነው፤ ለሰው ብዙም አያስቸግር፣ ዓሣን ግን ትንፋሽ ያሳጣዋል። «ነጭ ሆኖ ይንሳፈፍልሃል» አለ አጎቴ፣ እጁን ወለሉ ላይ እየዘረጋ። «ትልቁም ትንሹም። ጆንያ ሞልተን ነበር የምንሄድ። የቀረውን ማን ይቆጥረዋል፣ ወንዙ ይዞት ይሄዳል።»

«በላችሁት ግን አባባ?» አለ ልጁ።

«የተወሰነውን። ቤት ማን ያስገባዋል? እናቴ ድስቴን አላስነካም ትላለች። ሜዳ ላይ ጠብሰን በላን፤ የተረፈውን ጥለን መጣን።»

ልጁ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። አጎቴም ዝም አለ። ከዚያ ስለ ግብር መጨመር አወራን።

ብርብራው ዛሬም አልቀረም። በላዩ ደግሞ ሌላ መጥቷል። የጎጃም ደጋ ከጣና የተለየ ዓለም ይመስለናል፤ ግን ግልገል አባይ የሚነሣው ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ ገብስና ድንች የተዘራበት መሬት ዝናብ ሲወርድበት አፈሩ ወዴት ይሄዳል? ዓሣው እንቁላል ሊጥልበት የመጣው ጠጠር ላይ ነዋ! መራዊ አጠገብ የቆጋ ግድብ ተሠርቷል፤ ወደ ሰባት ሺህ ሄክታር ያለማል፤ ገበሬው በዓመት ሁለቴና ከዚያም በላይ እንዲያመርት ረድቶታል። እኔ ግድቡን አልጠላም። ግን ቆጋ የግልገል አባይ ገባር ነው፤ ሽቅብ ለሚወጣ ዓሣ ደግሞ ግድብ ማለት ጢስ እሳትን ቆጋ ላይ መትከል ነው። ከ2004 ዓ.ም ወዲህ እምቦጩ መጣ። ያን ጊዜ እንኳ ገበሬው፣ ተማሪው፣ መነኩሴው ወገቡ ድረስ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል። ለእምቦጭ የወጣ ሰው ለዓሣው ሲባል አይወጣም። እምቦጩ ይታያል፤ ዓሣው ውኃ ውስጥ ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም ወጥቷል። ክልሉም የራሱን አውጥቷል። የሚራባበት ወቅት፣ የመረቡ ዓይን ስፋት፣ መርዝ መጠቀም፣ ሁሉም ላይ የሚናገረው አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጣና በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ታዲያ በነሐሴ ሌሊት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ግልገል አባይ አፍ ላይ ጀልባ ይዞ የሚጠብቅ ማነው? ሥራ አጥቶ መረብ ተበድሮ የገባውን ወጣት «ሦስት ወር ቁጭ በል» ብንለው፣ ሦስቱን ወር ምን ይበላል? ከእንግሊዞቹ ጋር የማንመሳሰለው እዚህ ላይ ነው። እነሱ ቤታቸው ምሳ አለ። ዓሣውን መልሰው መልቀቅ አይከብዳቸውም። እኛ ዘንድ «መልሰህ ልቀቅ» የሚለው ሰው በመጀመሪያ «ምን ልብላ» ለሚለው መልስ ይዞ መምጣት አለበት። መልስ የያዘ ሰው ስብሰባ ላይ ብዙ አላየሁም። አበል የያዘ ግን አለ።

ጣና ላይ ዕጣ ወጥቶ፣ በቁጥር ተቀምጦ፣ ተመዝኖ የሚለቀቅ ውድድር ሲደረግ አልሰማሁም። ይደረግ ብዬም አልከራከርም። የምቀናው በሚዛኑ ነው። ከአንዲት ኩሬ የወጣ ካርፕ በስም፣ በዓመት፣ በኪሎ ይታወቃል፤ ሲሞት ጋዜጣ ይጽፋል። እኛ ዘንድ በዓለም ሌላ ቦታ የሌለ ዝርያ አንድ ሌሊት መረብ ውስጥ ገብቶ ቢያልቅ፣ ያለቀው ዓሣ ስም ስላልነበረው ማንም አያረዳንም።

ባለፈው ባሕር ዳር ሄጄ ዳር ላይ ዓሣ ከሚገፉት ሴቶች አንዷ ዘንድ ቆምኩ። ቢላዋዋ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው የሚፈጥነው። ፊቷ ያለው ክምር ውስጥ አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፤ ሌላው አፉ ወደ ላይ ነው፤ ሌላው ጎበጥ ብሏል። የተለያዩ መሆናቸውን ከመጽሐፍ አውቄ ስለመጣሁ እንደ አዋቂ አድርጎኛል።

«እመቤት፣ ይሄኛው ምን ዓሣ ነው?» አልኩ።

«ነጭ ዓሣ።»

«ይሄስ?»

«ነጭ ዓሣ።»

«ይሄኛው ግን አፉ የተለየ ነው፤ አይመሳሰሉም እኮ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ቢላዋው ግን አልቆመም። «ወንድሜ፣ ስትጠብሰው ሁሉም አንድ ነው። በኪሎ ነው የምሸጠው። ስንት ልመዝንልህ?»